ነጥብ በነጥብ እየሳልኩ ልሽጥ ላልሽኝ

ሜልበርን ግራፊክ ዲዛይን የምትማር ልጅ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «የአቦርጂናሎችን፣ የአውስትራሊያን ነባር ሕዝቦች፣ ሥዕል በጣም ነው የምወደው። በነሱ ስልት፣ ነጥብ በነጥብ፣ ቲሸርትና ፖስተር እየሠራሁ ለመሸጥ አስቤያለሁ። እንጀራ ይሆነኛል?»

እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ፤ እሱን ተዪው። ለሥዕሉ ያለሽ ፍቅር ግን በሌላ በር እንጀራ ሊሆንሽ ይችላል።

ያ የምትወጂው ሥዕል ባለቤት አለው። ነጥብ በነጥብ የሚሠራው የበረሃው ሥዕል ሸራ ላይ የወጣበት ታሪክ የሚጀምረው ፓፑንያ ከምትባል፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቅ መንደር ነው። መንግሥት ከየቀያቸው ያነሳቸውን አቦርጂናሎች ሰብስቦ ያሰፈረባት ቦታ ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 ጄፍሪ ባርደን የሚባል አስተማሪ አበረታቷቸው፣ አባቶች የማር ጉንዳንን ታሪክ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳሉ። በዓመቱ ፓፑንያ ቱላ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ዛሬም የራሳቸው ነው። ከዚያ በፊት የሥዕሉ ምልክቶች በሥርዓት ጊዜ አሸዋና ገላ ላይ ነበር የሚሳሉት። አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉት ክቦች የውሃ ጉድጓድ ወይም ሰፈር ሊሆኑ ይችላሉ። የፈረስ ኮቴ የሚመስለው ቅርጽ ደግሞ ሰው ሲቀመጥ አሸዋው ላይ የሚተወው አሻራ ነው። ሥዕሎቹ ለባዕድ መሸጥ ሲጀምሩ፣ ያልተፈቀደለት ሰው ሊያየው የማይገባ ምስጢር ወጣ ተብሎ ከባድ ቅሬታ ተነሳ፤ ነጥቦቹ እየበዙ የመጡት በከፊል ያንን ለመሸፈን ነው። አንቺ ለጌጥ የምትደረድሪው ነጥብ ለነሱ መጋረጃ ነው ማለት ነው። ሠዓሊው ራሱ እንኳ ከወገኖቹ የወረሰውን የአገሩን ታሪክ እንጂ የሌላውን ያለ ፈቃድ አይስልም።

ገበያውም በአስመሳይ ዕቃ ተጥለቅልቋል። የአውስትራሊያ ምርታማነት ኮሚሽን በ2022 እንዳወጣው፣ በነሱ ስልት ከተሠሩት የማስታወሻ ዕቃዎች ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛው የነሱ እጅ የለበትም። በ1994 ደግሞ ሥዕላቸውን ያለ ፈቃድ ምንጣፍ ላይ ቀድቶ ከቬትናም ያስገባ ኩባንያ ወደ 188 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበታል። ስልት ብቻ መውሰድን የቅጂ መብት ሕጉ ላይይዘው ይችላል። ግን ገዢሽ «ሠዓሊው ማነው? ከየትኛው ሕዝብ ነው?» ቢልሽ ምን ትመልሻለሽ?

ወደ ሥራው ልምጣ። በየበረሃው ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑባቸው የሥነ ጥበብ ማዕከላት አሉ። እዚያ ሸራ የሚወጥር፣ ቀለም የሚያዘጋጅ፣ ያለቀውን ሥዕል ፎቶ አንስቶ ከሠዓሊው ስምና ከታሪኩ ጋር የሚመዘግብ፣ ከጋለሪ ጋር የሚጻጻፍ፣ ካታሎግ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ካታሎጉ ያንቺ ሙያ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ከተማ ሩቅ ነው፣ የመጨረሻው ቃል የሽማግሌዎቹ ነው፤ ይህን ከልብሽ ከተቀበልሽ ሂጂ። አሊስ ስፕሪንግስ ያለው ዴዛርት የመካከለኛውን አውስትራሊያ ማዕከላት የሚደግፍ ድርጅት ስለሆነ ከሱ ጀምሪ። ከከተማ መራቅ ካልሆነልሽ የመብት ሥራ አለ፤ ከ2010 ጀምሮ ሥዕል በ1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ በድጋሚ ሲሸጥ ለሠዓሊው 5 በመቶ ይታሰብለታል፣ ይህን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል።

እስከዚያው እዚያው ሜልበርን፣ ፌዴሬሽን አደባባይ ያለው ኩሪ ሄሪቴጅ ትረስት የሚባለው የአቦርጂናሎች የባህል ማዕከል ጎራ በይ። የምትኖሪበት የቪክቶሪያ ሕዝቦች የጥንት ጥበብ ከነጥብ ይልቅ መስመር ይበዛዋል፤ ፖሰም ከሚባለው ትንሽ የዱር እንስሳ ቆዳ በሚሠራ ካባና በጋሻ ላይ የተቀረጸውን ደህና አድርገሽ እዪ። በኦገስት ደግሞ ማዕከላቱ ሥዕላቸውን ይዘው የሚመጡበት የዳርዊን አቦርጂናል የሥነ ጥበብ ትርዒት አለ። ከቻልሽ ሄደሽ ሠራተኞቹን አነጋግሪ። ሲቪሽን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አይልሻለሁ።