ወለል ላይ የቀረው ጸጉር

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አራት ዓመት ቤይሩት ሠርተሽ ከተመለስሽ ወዲህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል ሹሩባ ትሠሪያለሽ፤ ማታ ማታ ወለል ላይ የቀረውን ጸጉር ለቅመሽ አሮጌ ነጠላ ላይ ትጠልፊያለሽ። «ሥራዬን ዘግቼ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልግባ? ሹሩባ ሠሪ መሆኔን ለመምህራኑ መናገርስ አያሳፍርም?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

አትዝጊው። ንገሪያቸውም።

ሞና ሐቱም የምትባል አርቲስት አለች። በ1952 እ.ኤ.አ. ቤይሩት ውስጥ ከፍልስጤማውያን ቤተሰብ ተወለደች። በ1975 እ.ኤ.አ. ለጉብኝት ለንደን እንዳለች የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳና መመለሻ አጣች፤ እዚያው ቀርታ ሥነ ጥበብ ተማረች። ይህች ሴት የኩፊያን፣ ማለትም የፍልስጤማውያን ወንዶች የራስ መሸፈኛ ጨርቅን፣ መስመሮች በሴቶች ጸጉር ጠልፋለች። ሁለት ሻንጣዎችን በጸጉር አያይዛለች። ለዓመታት ያጠራቀመችውን የራሷን ጸጉር እያድበለበለች በ1995 እ.ኤ.አ. ለእይታ ወለል ላይ በትናዋለች። አንቺ የምታፍሪበት ነገር በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ውስጥ ሥራዎቿ ያሉ አርቲስት የተጠቀመችበት ቁስ ነው። አንቺ ደግሞ እሷ ያልነበራት ነገር አለሽ፤ በየቀኑ የሰው ራስ በእጅሽ ነው። የትኛው ጸጉር እንደሚሰበር፣ የትኛው እንደሚለጠጥ ጣትሽ ያውቀዋል።

በደብዳቤሽ ማብቂያ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ፦ ቤይሩት በገባሽበት ዕለት አሠሪሽ ጸጉርሽን በመቀስ ቆርጣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው። እዚያ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። ከሥራዎችሽ ጋር በላክሽው መግለጫ ላይ «ማንነትንና ስደትን እዳስሳለሁ» ብለሻል፤ እሱን ሰርዢው። ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ለመናገር በተዘጋጀሽ ጊዜ መቀሱን ጻፊ። እስከዚያው «ከደንበኞቼ የቀረውን ጸጉር እሰበስባለሁ» ብትዪ ይበቃል፤ ማንም ቁስልሽን እንድታሳዪ ሊያስገድድሽ አይገባም።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልትሞክሪው የሚገባ ነው። ከቆሻሻ ኤሌክትሮኒክስ ሽቦ ድንቅ ሥራ የሚሠራው ኤልያስ ስሜ ከዚያ ወጥቷል። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ታላቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ በቬኒስ ቢኤናሌ፣ የመጀመሪያ የማሳያ ቦታዋን ስትከፍት የወከላት፣ የሰውን ገላ የሚሥለው ተስፋዬ ኡርጌሳም እንዲሁ። ነገር ግን ለመግባት የመሣል ፈተና አለ፤ ጸጉሩ ብቻውን አያስገባሽም። ስለዚህ ደንበኛ በሌለሽ ሰዓት ሣዪ። ከኋላ የሚታይ ማጅራት፣ የጆሮ ግንድ፣ በቁጥርጥር መካከል ያለው የራስ ቆዳ መስመር፤ ይህን ከአንቺ በላይ ያየው የለም። ብትገቢም ቅዳሜን፣ እሁድንና የበዓል ዋዜማን ለሹሩባ አቆዪ። ክሩንና መርፌውን የሚገዛው ያ ገንዘብ ነው፤ ብድር ውስጥ ገብተሽ እንደገና ስደት እንድታስቢ አልፈልግም።

ጸጉሩን በሳሙና አጥበሽ በደንብ ሳይደርቅ አትስፊው። የተጠናቀቀውን ሥራ በጠዋት ብርሃን፣ በነጭ ግድግዳ ፊት አንሺው፤ ከሥሩ ስፋቱን፣ የተሠራበትን ነገርና ዓመቱን ጻፊ። አሥር ሥራ ሲሞላልሽ መካኒሳ የሚገኘውን፣ በጭቃና በጭድ የተሠራውን ዞማ ሙዚየም ሄደሽ እዪ። ሥራሽን ለማሳየት አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ጭቃውንና ጭዱን፣ ሰው ከእግሩ ሥር ባለው ነገር ምን እንደሠራ ብቻ ተመልከቺ።

አንድ ነገር አደራ የምልሽ አለ። እናቶቻችን የወደቀ ጸጉራቸውን ለምን እንደሚደብቁ ታውቂያለሽ፤ ድግምት ይሠራበታል ብለው ይፈራሉ። ለዚህም ከመሰብሰብሽ በፊት እያንዳንዷን ደንበኛ አስፈቅጂ፤ ምን እንደምትሠሪበትም ነጠላውን ዘርግተሽ አሳዪያት። «ጸጉሬን ስጪኝ» ያለችሽን ግን ምክንያት ሳትጠይቂ በወረቀት ጠቅልለሽ በእጇ ስጫት።