የከሰል ተሳቢዎችን ከሰፈር መንገድ ስለማስወጣት

ጥያቄው «አዳማ፣ ሰፈራችን ውስጥ ለውስጥ ድንጋይ ከሰል የጫኑ ተሳቢዎች ቀንና ሌሊት ያልፋሉ፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ ነው። ድንጋይ ደርድረን እንዝጋው?» የሚል ነው። አትዝጉት። ድንጋይ ስትደረድሩ መጀመሪያ የሚቆመው ምጥ የያዛትን እናት የጫነው ባጃጅ ነው። ተሳቢው ዞሮ በጎረቤት ሰፈር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጣሉት ሁለቱ ሰፈሮች ይሆናሉ። ፖሊስ ሲመጣም ስለ ከሰሉ መነጋገር ይቀርና መንገድ ማን ዘጋ ወደሚለው ይዞራል።

ከሁሉ በፊት መኪናው ከዋናው መንገድ ለምን እንደሚወጣ እወቁ። የአዳር ማቆሚያ አጥቶ ከሆነ የምትጠይቁት ማቆሚያ ነው። ጋራዥና ጎሚስታ ፍለጋ ከሆነ የምትነጋገሩት ከጋራዦቹ ጋር ነው። የጭነት መመዘኛ ጣቢያውን ሽሽት ከሆነ ጉዳዩ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። አጠገባችሁ የከሰል ማራገፊያ ግቢ ካለ ደግሞ የግቢው ፈቃድና የመግቢያ በሩ አቅጣጫ ነው። በር በሌላ ጎን በማስከፈት ብቻ የሚያልቅ ችግር ብዙ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሹፌሮቹና ረዳቶቹ ናቸው፤ በሰላም ከጠየቃችኋቸው ይነግሯችኋል። በምልልስ የሚከፈለውን ሹፌር ጠላት አታድርጉት። መንገዱን የመለወጥ አቅም ያለው ጭነቱን የሚረከበው ድርጅት ነው፤ ለአጓጓዡ ውል የሚሰጠው እሱ ስለሆነ።

ቀጥሎ ቆጠራ። «በጣም ብዙ ናቸው» የሚል አቤቱታ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ለ7 ተከታታይ ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ በየሰዓቱ ለይታችሁ ቁጠሩ፤ ሌሊት የሚበዛ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ጨምሩ። በአንድ ፈረቃ ሁለት ሰው ይሁን፣ አንዱ እያየ ይጥራ፣ ሌላው ይጻፍ፤ ከ3 ሰዓት በላይ አይቀመጡ፣ ዓይን ይደክማል። ቅጹ ላይ ተሳቢ፣ ሲኖ ገልባጭና አይሱዙ ለየብቻ፣ የጫነና ባዶ፣ ሸራ ያለበሰና ያላለበሰ፣ የሚሄድበት አቅጣጫ ይግባ። ብዙዎች የጫነውን ብቻ ይቆጥራሉ፤ ባዶው ግን በፍጥነት የሚመለሰውና ሌሊት እየተንኳኳ ሰው የሚቀሰቅሰው ነው። ፍጥነት ለመለካት 100 ሜትር በሜትር ለክታችሁ ሁለቱን ጫፍ ምልክት አድርጉና በስልክ ሰዓት ያዙ፦ 12 ሰከንድ ከፈጀበት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ 9 ሰከንድ 40፣ 7 ሰከንድ ገደማ 50 ነው። በ50 የሚሄድ ሹፌር ፍሬን ለመርገጥ 1 ሰከንድ ቢዘገይ መኪናው 14 ሜትር ያህል ሄዷል። የታርጋ ቁጥር ለመሥሪያ ቤቱ ስጡ እንጂ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ።

ስለ ክብደት ስትከራከሩ ተጠንቀቁ። ድንጋይ ከሰል ቀላል ነው፤ ተሰባብሮ ሲጫን 1 ሜትር ኩብ ከ8 እስከ 9 ኩንታል ገደማ ይመዝናል፣ እርጥብ አሸዋ ግን ወደ 18 ኩንታል ይደርሳል። ስለዚህ «ጢም ብሎ ሞልቷል» ማለት ከመጠን በላይ ጭኗል ማለት አይደለም። የምታዩት ስፖንዳው (የጭነት ሳጥኑ የጎን ግድግዳ) ላይ የተቀጠለ ላሜራ ወይም ሳንቃ መኖሩን ነው፤ ፎቶ አንሱት። ትርፍ ጭነት ካለ ጉዳቱ በቀጥታ አይጨምርም፣ በአራተኛ ርቢ ነው የሚያድገው፤ ማለትም ጭነቱ 1.2 እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 1.2 አራት ጊዜ በራሱ የተባዛውን ያህል ይሆናል። ለ10 ቶን የታሰበ አክስል 12 ቶን ሲሸከም አስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ፣ 15 ቶን ሲሸከም 5 እጥፍ ይሆናል። መንገዳችሁ ኮብልስቶን ከሆነ የባሰ ነው፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ ይሸሽና ጎማው የሚሄድበት መስመር ይሰምጣል፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ይቋጥራል።

አቧራው ሌላ ነው። አዳማ ነፋስ አጥታ አታውቅም፣ የ51ና የ153 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚሁ የተተከሉት በዚያ ነው። ሸራ የሌለው ከሰል በዚህ ነፋስ ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት መንገድ ዳር 1 ሜትር በ1 ሜትር ምልክት አድርጋችሁ ጥረጉ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ጠርጋችሁ መዝኑት፤ ከመንገዱ 50 ሜትር ርቃችሁም እንዲሁ። ይህ የላቦራቶሪ ማስረጃ አይደለም፣ ጥቁሩ ሁሉም ከሰል አይደለም፣ የጎማና የጭስም አለበት። ግን ኃላፊውን ወጥቶ እንዲያይ ያስገድደዋል።

የቤት ስንጥቅ ላይ አትቸኩሉ። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቷል፤ ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ቤትም በበጋና በክረምት ራሱ ይሰነጠቃል። የኃላፊዎቹ መልስ ይህ እንደሚሆን አስቀድማችሁ እወቁ። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ አስምራችሁ ቀን ጻፉበት፣ ሳንቲም አጠገቡ አድርጋችሁ በየወሩ ፎቶ አንሱ፤ ከመንገድ የራቁ ቤቶችንም ለማነጻጸሪያ ያዙ።

ማመልከቻው በእድር በኩል ይሂድ፤ ማህተምና የሚታወቅ ሰብሳቢ አለው። ፊርማው የቤት ቁጥር ይኑረው። ዋናው መንገድ የፌዴራል፣ የውስጡ የከተማው ስለሆነ ለሁለቱም፣ ለትራፊክ ፖሊስም ግልባጭ አድርጉ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ሳታስደርጉ ከመዝገብ ቤት አትውጡ። አቧራውን በተመለከተ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ በግል መጎዳቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ማመልከቻው ላይ ካለው የገቢ ማህተም፣ 60ው ደግሞ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለፈበት ዕለት ነውና ቅጂውን ጠብቁት። ሰልፍ ካስፈለገ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ።

«ይቁምልን» ብላችሁ አትጻፉ፣ የሚፈርምበት ሰው አታገኙም። ጠዋትና ከሰዓት ተማሪ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት እንዳያልፉ፣ ሸራ በኋላም በጎንም እንዲታሰር፣ ጭነቱ ከስፖንዳው አንድ ስንዝር ዝቅ እንዲል፣ የትኛው መንገድ ምትክ እንደሚሆን በካርታ አስምራችሁ ጠይቁ። በራሳችሁ ጉብታ አትሥሩ፤ ባዶ ተሳቢ ሲዘልበት ንዝረቱ ቤት ይገባል፣ የጫነውም ከሰሉን እዚያው ያራግፈዋል። የከፍታ ብረት ብታስተክሉ ደግሞ እሳት አደጋና የውሃ ቦቴም አይገቡም። ረጅሙ ጥያቄ በ2010 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የጅቡቲ ባቡር ከሰሉን እንዲጭን ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ የባቡሩ አቅም ሲወድቅ ነው የከሰል መኪኖች ወደ ሪቻርድስ ቤይ ወደብ የሚወስደውን መንገድ ያጥለቀለቁት።

ከተስማሙ በኋላ ቆጠራውን አታቁሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ይከበራል፣ በሦስተኛው ወር ሌሊት ሌሊት ይመለሳሉ፤ በዚያው ቅጽ፣ በዚያው ቦታ፣ በየወሩ ሁለት ቀን ቁጠሩና አያይዛችሁ ላኩ።