የኩላሊት እጥበት ማሽን የሚያየውና የማያየው፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ነው። ስለ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ማሽን ደህንነት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ስለ መድኃኒትና ምግብ የጠየቃችሁኝን ለሐኪሞቻችሁ ትቻለሁ። እኔ የማሽኑ ሰው ነኝ።

እናቴን አስታምማለሁ። ማሽኑ ደጋግሞ ይጮኻል፣ ሲስተሯ መጥታ ዝም ታሰኘዋለች። ችላ ብላን ነው? (ከፒያሳ)

አብሽር ወንድሜ። ድምፁን ማጥፋትና ችግሩን ማለፍ የተለያዩ ናቸው። ማሽኑ ቱቦው ውስጥ አየር ካየ የደም ፓምፑን ያቆማል፣ ደም የሚመለስበትን ቱቦም ቆንጥጦ ይዘጋል። ድምፁ ቢጠፋም አየሩ ሳይወጣ አይከፍትም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ክንድ በታጠፈ ቁጥር የሚጮህ ማሽን ሰውን ጆሮ ዳባ ልበስ ያሰኛል። ያኔ እውነተኛው ጩኸት ከሐሰተኛው ጋር ይቀላቀላል። ይህ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የአሠራሩም ድክመት ነው።

መርፌው ከክንድ ቢወጣስ? ማሽኑ ወዲያው አያውቅም? (ከሐይቅ)

ሁልጊዜ አያውቅም፣ እትዬ። ብዙ ሰው አያምነኝም፣ ግን እውነት ነው።

ማሽኑ መርፌውን አያየውም። የሚያየው ደሙ በሚመለስበት ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት ነው። የዚያ ግፊት አብዛኛው ክፍል የሚመጣው ደሙ በቀጭኑ መርፌ ውስጥ ተጨንቆ ሲያልፍ ነው። መርፌው ከክንድ ቢወጣም ደሙ አሁንም በዚያው መርፌ ያልፋል። ስለዚህ ግፊቱ የሚወርደው በትንሹ ነው፤ ፊስቱላው (ለእጥበት ተብሎ በቀዶ ጥገና የተዘጋጀው የክንድ ደም ሥር) ውስጥ በነበረው ግፊት ልክ። ያ ደግሞ አላርሙ ከተሞላበት ገደብ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል።

እስቲ አስሉት። ፓምፑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ቢገፋ፣ በ5 ደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ደም አልጋው ላይ ይፈሳል። የአንድ ጎልማሳ ጠቅላላ ደም 5 ሊትር ገደማ ነው።

ገደቡን ጠበብ ቢያደርጉትስ? ይጠቅማል፤ ግን በሳል ቁጥር ይጮኻል፣ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለሳለን። እርጥበት ሲነካው የሚያስጠነቅቅ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ክንዱ ላይ ይለጠፋል። እሱ ከሌለ የቀረው ፕላስተሩን በደንብ ማሰርና ዓይን ነው። የደሴን ብርድ አውቀዋለሁ፤ ጋቢውን ይልበሱት፣ መርፌው ያለበትን ክንድ ግን አይሸፍኑት።

በአንድ ጊዜ ስንት ደም ነው ከሰውነት ውጪ የሚሆነው?

ወደ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፤ እንደ ማጣሪያውና እንደ ቱቦው ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

መብራት ሲጠፋ ልቤ ይቀልጣል። ደሜ እዚያው ይቀራል? (ከወልዲያ)

አይቀርም። ብዙ ማሽኖች ባትሪ አላቸው፤ የደም ፓምፑን ለተወሰነ ደቂቃ ያዞራል። ውሃ ማሞቅ ግን አይችልም፣ እጥበቱ ለጊዜው ይቆማል። ባትሪውም ከደከመ ፓምፑን በእጅ እያዞሩ ደሙን ይመልሱታል፤ ዝም ብሎ ከቆመ ይረጋል። በእጅ ሲዞር የአየር ጠባቂው ላይሠራ ስለሚችል አንድ ሰው ዓይኑን ከቱቦው መንቀል የለበትም።

ውሃ ሲጠፋ በቦቴ ማስመጣት፣ ካስፈለገም አፍልቶ መጠቀም አይበቃም? (ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፤ ሰፈሩ ራሱ ጠየቀኝ ማለት ነው!)

ጥያቄዎን ወደድኩት። ሰው የሚጠጣው በቀን ሁለት ሊትር ቢሆን ነው፤ ያውም ሆድና ጉበት ያጣሩለታል። እጥበት ላይ ያለ ሰው ደም ግን በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ከሚፈስ፣ ከውሃ ከተዘጋጀ የማጠቢያ ፈሳሽ ጋር ይገናኛል። በ4 ሰዓት 120 ሊትር! መሃላቸው ያለው ስስ ማጣሪያ ብቻ ነው።

የከተማ ውሃ በክሎሪን ይታከማል። ለመጠጥ ደግ ነው። ክሎሪንና ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው) ደም ውስጥ ከገቡ ግን ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳሉ። ማሽኑስ? የፈሳሹን ጨው የሚለካው በኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙ ነው። ክሎራሚንን ከሌላው ለይቶ አያይም። የሚያስቀሩት በተከታታይ የተተከሉ ሁለት የካርቦን ታንኮች ናቸው። ናሙናው ከመጀመሪያው ታንክ በኋላ ይቀዳል፤ አጠቃላይ ክሎሪኑ በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ ሁለተኛው ገና እየጠበቀን ሳለ እርምጃ እንወስዳለን። ይህ በየፈረቃው ታካሚ ከመግባቱ በፊት መደረግ አለበት።

ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ማዕድኑንና መርዙን አያወጣም። በቦቴ መጣ የሚባለውም ውሃ ከየት እንደተቀዳ መታወቅ አለበት። በ1996 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ ካሩአሩ በተባለች ከተማ በቦቴ የመጣ፣ በቅጡ ያልታከመ የግድብ ውሃ እጥበት ላይ ዋለ። ውሃው የአልጌ መርዝ ነበረበት። ከ50 በላይ ታካሚዎች ሞቱ።

ኮምቦልቻ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ርካሽ የዲያሊሲስ ማሽን ብሠራስ?

ሙሉ ማሽኑን ተወው። አይ ኢ ሲ 60601-2-16 የሚባለውን፣ ለዲያሊሲስ ማሽን ደህንነት የወጣውን ዓለም አቀፍ መስፈርት አንብብ። ዋናው ሐሳቡ፣ አንድ ነገር ብቻውን ቢበላሽ ታካሚው መጎዳት የለበትም የሚል ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ሴንሰርና ሙቀቱን የሚጠብቀው ሴንሰር አንድ ከሆኑ፣ ሲሳሳቱ አብረው ይሳሳታሉ። ስለዚህ ይለያያሉ። የመርፌ እርጥበት ጠቋሚ ወይም የክሎሪን መዝጋቢ ሥራ፤ ነገ የሚያገለግል ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ማሽኑ ውሃ ውስጥ የሟሟውን አየር በቫኪዩም ይስባል። በባሕር ወለል የአየር ግፊቱ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ወደ 560 ይወርዳል። ፋብሪካው ለቆላ የሞላውን ቁጥር እዚህ ካላስተካከልከው ፓምፑ የማይደርስበትን ያሳድዳል። አየሩ በቅጡ ሳይወጣ አረፋ ይሆናል፣ የጨው ንባቡ ይዘላል፣ ደም በማጣሪያው ሾልኮ ወደ ፈሳሹ እንዳይገባ የሚጠብቀው ጠቋሚም በከንቱ ይጮኻል። ከዚያ ሰው «ማሽኑ ተበላሸ» ይላል።

ውጭ አገር ያለን ወሎዬዎች ያገለገለ ማሽን ገዝተን ልንልክ ነው። ምን እንይ?

እግዜር ይስጣችሁ። ግን ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ለሚቀበለው ሆስፒታል ቴክኒሽያን ደውሉ። እኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነን። ቱቦውና ማጣሪያው እዚህ ይገኛል? የጥገና መጽሐፉና ወደ ካሊብሬሽን (የማሽኑን ንባቦች ወደ ማስተካከያው ክፍል) የሚያስገባው የይለፍ ቃል አብሮ ይመጣል? ሻጩ የመጨረሻውን አልሰጥም ካለ ማሽኑን ተዉትና በገንዘቡ ማጣሪያና የክሎሪን መመርመሪያ ላኩልን።