ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮምቦልቻ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ውሃ አፍልተን ስንለካ ቴርሞሜትሩ 94 ዲግሪ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። ተማሪዎቹ «ተበላሽቷል» ብለው ሳቁ፤ እኔም መልስ አጥቼ ወደ ሳጥኑ መለስኩት። በክፍሉ 62 ተማሪዎች አሉ። ኢንተርኔት የሌላቸው ስምንት አሮጌ ኮምፒውተሮችም አሉን፤ ከጽሑፍ መለማመጃነት በቀር ሥራ የላቸውም። ፊዚክሱንና ኮምፒውተሩን የሚያገናኝ ምን ልሥራ?

መልስ፦ መምህር፣ መጀመሪያ ያንን ቴርሞሜትር ከሳጥኑ ያውጡት። ያሳየዎት እውነቱን ነው።

ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ከተጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። መቶ ዲግሪ የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል 1,850 ሜትር ግድም ከፍ ትላለች፣ እኔ ያለሁባት ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳልና እናንተ ዘንድ ወደ 94፣ እኛ ዘንድ ወደ 92 ይሆናል። የደሴ እናቶች ባቄላው ቶሎ አልበስል ሲላቸው የሚያማርሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔን የሚቆጨኝ ነገር አለ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ የደሴ ልጅ በሙከራ ደብተሩ ላይ «92» ብሎ ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ «100» አልኩበት። ልጁ ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝም አለ። እሱ የጻፈው ያየውን ነበር፤ እኔ ያረምኩት መጽሐፉን እያየሁ ነው፣ ድስቱን ዘወር ብዬ አላየሁም። ስለዚህ ለተማሪዎችዎ ከማብራራትዎ በፊት ያስለኳቸው።

ልጆቹ መሣሪያውን መጠርጠራቸው ግን ደግ ነው፤ ጥርጣሬያቸውን ይፈትኑላቸው። ከለስላሳ መሸጫ ጥቂት በረዶ ያምጡ፣ ሰባብረው ከትንሽ ውሃ ጋር ይቀላቅሉት፣ ቴርሞሜትሩን ይንከሩበት። ዜሮ ላይ ከቆመ ጤነኛ ነው። የበረዶው ነጥብ በከፍታ ምክንያት ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም።

ከዚያ ትልቅ ድስት ይጣዱ። ትልቅ ያልኩት ውሃው ሲያልቅ ቀዝቃዛ ከጨመሩበት መፍላቱን ስለሚያቆም ነው። በከሰል ከሆነ ደጅ ይሁን። ቴርሞሜትሩ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ በክር ያንጠልጥሉት። 62 ተማሪ መኖሩን እንደ ሸክም አይዩት፤ ለዚህ ሥራ ሀብት ነው። እያንዳንዱ ልጅ ተራ በተራ ቀርቦ ያንብብ፣ ለጎረቤቱ ሳይናገር በቁራጭ ወረቀት ይጻፍ። አንዱ 93፣ ሌላው 94 ተኩል፣ አንዱ ደግሞ 96 ይላል። ከላይ ወደ ታች ያየ ልጅ ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ዓይኑን ከመስመሩ ጋር ያስተካከለው ይቀርባል። ይህንን በቃል ብዙ ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ የገባቸው ግን የራሳቸውን 62 ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ተበትነው ሲያዩ ነው።

አሁን ኮምፒውተሮቹ ሥራ አገኙ። ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ ያስገቡ፣ አማካያቸውን ያውጡ፣ ስንት ልጅ ስንት እንዳነበበ በግራፍ ይሳሉ። ቀጥሎ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይጫኑ፤ በፍላሽ ካመጡት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ 7 ከሆኑ 3.8 የተባለውን ያምጡ፤ ከዚያ በኋላ የወጡት አይሠሩበትም። የመጀመሪያው ፕሮግራም አምስት መስመር ይበቃዋል፦ ከፍታውን ይጠይቃል፣ ለ300 ያካፍላል፣ ከ100 ይቀንሳል፣ ግምቱን ይጽፋል፣ ከልጆቹ አማካይ ጋር ያለውን ልዩነት ያሳያል። አርዱዊኖ የምትባለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ሙቀቱን በራሱ የሚለካ ሴንሰር ካገኙ ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩት። ቴርሞሜትር በዓይኑ ያላነበበ ልጅ ሴንሰሩ ያለውን ሁሉ ያምናል።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1648 ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእህቱን ባል ፍሎሪን ፔሪዬን የአየር ግፊት የሚለካበትን የሜርኩሪ ባሮሜትር አስይዞ ፒዩ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ አስወጣው። ሌላ ሰው ደግሞ እታች ቀርቶ ሁለተኛውን ባሮሜትር ይጠብቅ ነበር። ከላይ ያለው ሜርኩሪ ዝቅ አለ፣ የታችኛው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ይኸው ፓስካል ገና በወጣትነቱ ለአባቱ የግብር ሂሳብ የሚያግዝ መደመሪያ መኪና የሠራ ሰው ነው፤ ፊዚክሱንና ኮምፒውተሩን ለማገናኘት እንግዲህ ከእሱ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

እኛ ተራራ መፈለግ አያስፈልገንም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የወረደ ሁሉ ጆሮው ሲደፈን ያውቀዋል። ደሴ ላይ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶ የተሳፈረ ልጅ፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጠርሙሱ ጎኑ ገብቶ ያገኘዋል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናንተ እዚያ፣ የእኛ ልጆች እዚህ፣ በአንድ ሰዓት ውሃ እናፍላ፤ ቁጥሮቹን በስልክ እንለዋወጥና ሁለቱን ግራፎች በአንድ ወረቀት ላይ እናስቀምጣቸው። ቀኑን ወስነው ይጻፉልኝ፤ የደሴውን ድስት እኔ እጥዳለሁ።