ፓርኪንሰን፣ እርምጃና ማሰብ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ፓርኪንሰን ያለባቸው አባቴ እየሄድን ሳናግራቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ መልሰውልኝ ነው የሚራመዱት። እልህ ነው ወይስ ሕመም?

መልስ፦ ሕመሙ ነው። ጤነኛ ሰው ሲራመድ ስለ እግሩ አያስብም፤ ይህን ሥራ ሳይታወቀን የሚያከናውንልን የአንጎል ክፍል ዶፓሚን በተባለው ንጥረ ነገር የሚሠራ ሲሆን፣ ፓርኪንሰን የሚያጠፋው ደግሞ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳትን ነው። ስለዚህ አባትዎ የሚራመዱት እርምጃቸውን እያሰቡ ነው። ትኩረትን ለሁለት ነገር የማካፈል ችሎታም በዚሁ ሕመም ስለሚዳከም፣ ወሬ ሲጨመርበት ከሁለቱ አንዱ ይጓደላል። ቆመው መመለሳቸው እንዲያውም ደግ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ እያወሩ ለመራመድ ሞክረው የሚወድቁት ናቸው። አስፋልት ሲያቋርጡ፣ ደረጃ ሲወጡና ሲዞሩ አያናግሯቸው፤ ዕቃም አያሲዟቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በር ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጎትቼ ላስገባው?

መልስ፦ በፍጹም አይጎትቱት፤ እግሩ ሳይነሣ ደረቱ ወደፊት ስለሚሄድ በግንባሩ ሊደፋ ይችላል። ይቁም፣ ትንፋሹን ይሰብስብ፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውር፣ ከዚያም ሰፋ አድርጎ ይራመድ። ከወለሉ በቀለም የሚለይ ፕላስተር በየአንድ እርምጃ ርቀት አግድም ቢለጥፉ፣ መስመሩን ልሻገር ሲል ብዙ ጊዜ እግሩ ይነሣለታል። ጥድፊያና ጭንቀት ያባብሱበታልና በር ሲንኳኳ ሌላ ሰው ይክፈት።

ጥያቄ፦ እናቴ ወጥ ሲሠሩ ሽንኩርቱን አቁላልተው ቀጥሎ ምን እንደሚገባ ይጠፋቸዋል። ይህም ከፓርኪንሰን ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ሕመሙን ሲገልጽ አእምሮን እንደማይነካ ጽፎ ነበር፤ ዛሬ ግን ነገርን በቅደም ተከተል ማከናወን፣ ማቀድና ርቀትን መገመት በብዙ ሕሙማን ላይ እንደሚዳከም ይታወቃል። እነዚህ ለመራመድም ስለሚያስፈልጉ፣ የማሰብ ለውጥ የታየበት ሕመምተኛ ለመውደቅም የቀረበ ነው። አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ለመንቀጥቀጥ ተብሎ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፌኒዲል በተለይ በዕድሜ የገፉትን ሊያስረሳና ሊያደናግር ስለሚችል፣ እናትዎ የሚወስዱት ከሆነ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡት። መደናገሩ በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ እንደ ሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ያስመርምሯቸው።

ጥያቄ፦ የፓርኪንሰን መድኃኒት የሆነው ሌቮዶፓ ከምግብ ጋር ይወሰዳል?

መልስ፦ ካላቅለሸለሸ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ቢወሰድ ይሻላል፤ ሥጋ፣ ወተትና ሌላውም ፕሮቲን መድኃኒቱ ወደ ደምና ወደ አንጎል እንዳይገባ ይሻማዋል። የእግር ጉዞውም መድኃኒቱ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ይሁን።