ደመናውን ተዉትና መነሻውን ፈልጉ

ውድ ወጣቶች፣

የሳተላይት ምስል በማንበብ አርጅቻለሁ። እናንተ ከእኔ የተሻለ ኮምፒውተርና ከእኔ የበዛ ምስል አላችሁ፤ አልቀናሁም ብል እዋሻለሁ። የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፦ የአቧራ ማዕበል ስታዩ ከደመናው አስቀድማችሁ የተነሣበትን መሬት ፈልጉ።

ደመናው ያማልላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ከሰሃራ የተነሣው አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ የካሪቢያንን ሰማይ ሲያለብስ ዓለም ምስሉን ተቀባበለው፤ «ጎድዚላ» የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት። ስሙ ለዜና ይመቻል እንጂ ስለ አቧራው አንዳች አይነግራችሁም።

አቧራ የሚነሣው ከበረሃው ሁሉ እኩል አይደለም። የአሸዋ ክምር ቅንጣቱ ከባድ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም፤ ውቅያኖስ የሚሻገረው ደቃቁ ዱቄት ብዙ ጊዜ የደረቀ ሐይቅ ወለል ነው። በሰሜን ቻድ የሚገኘውን የቦዴሌን ረባዳ ምድር ተመልከቱ። በጥንት ዘመን ከዛሬው የቻድ ሐይቅ እጅግ የሰፋ ሐይቅ ነበረበት፤ ውኃው ሲሸሽ ዲያቶም የሚባሉ ጥቃቅን የውኃ ውስጥ ፍጥረታት ቅሪት ነጭና ቀላል ደለል ሆኖ ቀረ። በቲቤስቲና በኤነዲ ተራሮች መካከል ተጨምቆ የሚወጣው ነፋስ ያንን ደለል ያገኘዋል። በዓለም ካሉት የአቧራ ምንጮች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ቀለምን አትመኑ። ቡናማ አቧራ በቡናማ በረሃ ላይ ለዓይን ይጠፋል፤ ሜቴዎሳት የተባለው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ለዓይን በማይታይ ብርሃን (በኢንፍራሬድ) የሚያነሣው ምስል አቧራን ሮዝ አድርጎ የሚያሳየው ሰዎች ቀለሙን እንዲያ ስለመረጡለት ነው። የሜቴዎሳት ጥቅሙ ሌላ ነው፦ በየጥቂት ደቂቃው ስለሚያነሣ ምስሉን ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ማዕበሉ የጀመረባትን ነጥብ ታገኛላችሁ። በቀን አንድ ጊዜ የተነሣ ቆንጆ ምስል የሚያዋጣው ለግድግዳ ነው።

ከላይ የተነሣ ምስል ከፍታንም አይናገርም። አቧራው ሰው በሚተነፍስበት አየር ውስጥ ይሁን ብዙ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ያልፍ እንደሆነ ለመለየት የሌዘር ብርሃን ወደ ታች የሚልክ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2023 እንደሠራው እንደ ካሊፕሶ ያለ ሳተላይት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 ከካሊፕሶ በተገኘው መረጃ መሠረት በአማዞን ላይ በዓመት በአማካይ 27.7 ሚሊዮን ቶን የሰሃራ አቧራ ይወርዳል፤ ከዚህ ውስጥ 22,000 ቶን ያህሉ ዕፅዋትን የሚመግበው ፎስፈረስ ነው። ይህም ዝናብና ጎርፍ ከጫካው አፈር አጥበው ከሚወስዱት ጋር የሚቀራረብ ነው። በአማካዩ ግን አትደሰቱ፤ ብዙ አቧራ በተሻገረበት በ2007 እና ጥቂት በተሻገረበት በ2011 መካከል ያለው ልዩነት 86 በመቶ ነበር።

እንግዲህ አቧራ ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ? ጥያቄው ራሱ አይጥመኝም። ጫካ የሚመግበው አቧራ መንገዱ ላይ ያለውን ሰው ሳንባ ይጎዳል፤ በረዶ ላይ ሲያርፍም ያጠቁረውና ቶሎ ያቀልጠዋል። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሰው ራሱ የከፈተው ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በመካከለኛው እስያ የአሙ ዳርያና የሲር ዳርያ ወንዞች ለጥጥ እርሻ ሲጠለፉ አብዛኛው የአራል ባሕር ደረቀ፤ ከወለሉ የሚነሣው አቧራም ጨውና የእርሻ ኬሚካል ተሸክሞ ወደ መንደሮች ይነፍሳል። ቦዴሌን ማንም ሊደፍነው አይችልም፤ በአራል ወለል ላይ ግን ካዛክስታንና ኡዝቤኪስታን ሳክሳውል የሚባል የበረሃ ቁጥቋጦ እየተከሉ ነው። የትኛው ችግኝ እንደጸደቀ፣ የትኛው ጨው እንደበላው ዓመት በዓመት ከሰማይ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ ከዚያ ጀምሩ።