መልስ፦ በዳካር (ለብዙ ቀናት በሚካሄደው የበረሃ ራሊ ውድድር) ትናንት አንደኛ የወጣው ዛሬ ለምን ኋላ ቀረ?
ወንድሜ፣ ሞተረኛው ደክሞት አይደለም፤ የማሸነፉ ጣጣ ነው። የዕለቱ አሸናፊ በማግስቱ ቀድሞ ይነሳል፤ ፊቱ ያለው አሸዋ ደግሞ አንድም የጎማ ዱካ የለበትም። ጂፒኤስ አይመራውም፤ ያለው አቅጣጫና ርቀት የሚነግረው ሮድ ቡክ ብቻ ነው። ከኋላው የሚመጡት ግን ዱካውን ይዘው ይበራሉ። ይህን ፈርቶ ሆን ብሎ ፍጥነት የሚቀንስም ነበር (እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው!)፤ አሁን መንገድ ለሚከፍቱት የሰከንዶች ጉርሻ ይሰጣል።

ስለዚህ ከዕለቱ ውጤት ይልቅ ጠቅላላ ሰዓቱን (የሁሉንም ቀናት ድምር) ተከታተል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሳውዲ ላይ በተካሄደው ዳካር ሞተረኛው ቶቢ ፕራይስ የመጨረሻውን ቀን የጀመረው በ12 ሰከንድ እየመራ ነበር። ዋንጫውን ግን ተፎካካሪው ኬቪን ቤናቪዴስ በ43 ሰከንድ በልጦ ወሰደው፤ ያውም ከሁለት ሳምንት ግልቢያ በኋላ!